ድምፁ የት ላይ ቀረ? የአይስካስት ሰርቨር ሲያስቸግር መንስኤውን ስለ መፈለግ



ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በየማኅበሩ፣ በየቤተ እምነቱና በየትንንሹ የሬዲዮ ጣቢያ «ኮምፒውተሩን የሚያውቀው» ተብለው የሚጠሩ ናቸው። ፕሮግራሙ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ስልክ የሚደወለው ለእናንተ ነው። አንዱ አድማጭ «ድምፅ የለም» ይላል፤ ሌላው «እኔ ጋ ጥርት ብሎ ይሰማል» ይላል፤ ሦስተኛው «በየደቂቃው ይቆራረጣል» ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እንዴት አብሮ እውነት እንደሚሆን የገባው ሰው ግማሹን ጥገና ጨርሷል።

ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ «ድምፅ የለም» የሚባል ብልሽት የለም። ከማይክሮፎን የተነሣ ድምፅ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይሻገርም። የእኛ ሥራ ያንን ወሰን ማግኘት ነው። ወሰኑ ከታወቀ ጥገናው ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር ማስተካከል ብቻ ነው። ወሰኑ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ግን ደህና የነበረውን ጭምር ያበላሻል።

ጉዳዩ ከሙያ በላይ ያሳስበኛል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአውሮፓ ከተሞች፣ በእስራኤልና በገልፍ አገሮች የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የአገር ቤት ኤፍኤም ሞገድ አይደርሰውም። ከአልጋው መነሣት አቅቶት ቅዳሴውን በስልኩ የሚከታተል ሕመምተኛ፣ በሰው ቤት እየሠራች በጆሮ ማዳመጫ ዜና የምትሰማ እህት፣ ሌሊቱን በታክሲ ሥራ የሚያሳልፍ ወንድም ወደ ቋንቋቸው የሚያደርሳቸው መስመር እኛ የምንተክለው ሰርቨር ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ በግምት ሊሠራ አይገባም።

ከመሣሪያው እንጀምር። በሊኑክስ ላይ ድምፅ ለማሰራጨት በሰፊው ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች አንዱ አይስካስት ነው። ጃክ ሞፊትና ባራት ራጋቫን የተባሉ ሁለት ፕሮግራም ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ጀመሩት። በዚያ ጊዜ ናልሶፍት የተባለው ኩባንያ የሠራው ሻውትካስት ነበር፤ ምንጭ ኮዱ ግን ዝግ ነበር። እነርሱ ማንም ሰው ወስዶ ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያሻሽለው የሚችል ክፍት ሰርቨር ፈለጉ። ዛሬ አይስካስትን የሚይዘው ዚፍ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ቮርቢስ የተባለውን የድምፅ ቅርጸት ያወጣው፣ ኦፐስ በተባለው ሥራ ላይም እጁ ያለበት ይኸው ድርጅት ነው። አሁን የምንጠቀምበት ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ወጣ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። አይስካስት የሚያደርገውን ሎግ በተባለ መዝገብ ይጽፋል፤ ኮዱም ክፍት ስለሆነ የተጻፈው ምን ማለት እንደሆነ ከምንጩ ማንበብ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጥገናችን ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ በሦስት ወገኖች መካከል የሚደረግ ቅብብል ነው። የመጀመሪያው ወገን ላኪው ነው። ድምፁን ከማይክሮፎን ወይም ከፋይል ይወስዳል፣ በኤምፒስሪ፣ በቮርቢስ ወይም በኦፐስ ይጨምቃል፣ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሊኪድሶፕ፣ ዳርክአይስ፣ በት፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው አይስካስት ራሱ ነው። ሦስተኛው አድማጩ ነው፤ በቪኤልሲ ይሁን በስልኩ ብራውዘር። ልብ በሉ፤ አይስካስት ድምፅን አይጨምቅም፣ አያጠራም፣ ቅርጸቱንም አይለውጥም። ከላኪው የተቀበለውን አንድ ቅጂ አባዝቶ ለየአድማጩ ያድላል። ድምፁ ከጎረነነ ወይም ከተዛባ የምትሄዱት ወደ ላኪው ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። ስቱዲዮው የሚልከው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ደካማ መስመር ያለው ጣቢያም በሺህ ለሚቆጠር አድማጭ መድረስ ይችላል። ሰፊ መስመር የሚያስፈልገው ለሰርቨሩ ነው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለ ስቱዲዮ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ያለማቋረጥ መላክ ከቻለ፣ የሚባዛው ሥራ ሌላ ቦታ በተከራየነው ሰርቨር ላይ ይሠራል። ሰርቨሩን ስቱዲዮው ውስጥ ተክሎ መስመሩ ታነቀብኝ ማለት የሰርቨሩ ጥፋት አይደለም፤ የአተካከሉ ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። የጥንት ሰዎቻችን ሌባ ለማውጣት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሌባሻይ ነው፤ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ በመቀነት ተይዞ ሲሮጥ ይቆይና የወደቀበት ቤት ባለቤት ተጠያቂ ይሆናል። ሌላው አውጫጭኝ ነው፤ የአገሩ ሰው ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱም የሚያውቀውን እስኪናገር ይጠየቃል። ሰርቨር ሲያስቸግር ብዙዎቻችን የምንሄደው በሌባሻይ መንገድ ነው። ፋየርዎሉን እናጠፋለን፣ ፓስወርዱን እንቀይራለን፣ ፕሮግራሙን አራግፈን እንደገና እንጭናለን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ድምፁ ቢመለስ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አናውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲደገም እንደ አዲስ እንጀምራለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ የምለው አውጫጭኙን እንያዝ ነው፦ እያንዳንዱን ወገን በተራው እንጠይቅ፣ የሚሰጠውን ቃል እናንብብ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ።

ጥያቄውን ከመሐል ጀምሩ። የአይስካስትን የሁኔታ ገጽ ክፈቱ፤ የሰርቨሩ አድራሻና ፖርት 8000 ናቸው። ገጹ ከተከፈተና የእናንተ ማውንት ፖይንት፣ ማለትም ስርጭቱ በሰርቨሩ ላይ የሚጠራበት ስም፣ ከነአድማጩ ቁጥር ከታየ፣ ላኪውና ሰርቨሩ ተገናኝተዋል ማለት ነው። የሚቀራችሁ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፦ የሚላከው ድምፅ ነው ወይስ ዝምታ? ከሰርቨሩ እስከ አድማጩ ያለው መንገድስ ደህና ነው? ገጹ ተከፍቶ ማውንት ፖይንቱ ከሌለ፣ ላኪው አልተገናኘም። ገጹ ጨርሶ ካልተከፈተ፣ ወይ ሰርቨሩ አልተነሣም፣ ወይ መንገዱ ተዘግቷል። በዚህ አንድ ምርመራ የችግሩ አገር በግማሽ ይጠባል። እያንዳንዱን በተራ ልውሰድ።

አንደኛ፤ ሰርቨሩ አልነሣ ሲል። አሁን ባሉት ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ፌዶራ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ ነው። ሲስተምሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ የአገልግሎቱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ጆርናልሲቲኤል በሚባለው መጨረሻ ላይ የተናገረውን አንብቡ። ከዚያ የአይስካስትን የራሱን የስሕተት ሎግ ክፈቱ። መንስኤዎቹ ጥቂት ናቸው። ዋናው የኮንፊግ ፋይሉ ነው። ፋይሉ በኤክስኤምኤል ሥርዓት የተጻፈ ስለሆነ አንድ መክፈቻ ያለ መዝጊያ ከቀረ፣ ወይም የአስተያየት ምልክት ሳይዘጋ ከታለፈ፣ ሰርቨሩ ሙሉውን ፋይል አይቀበልም። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ፓስወርድ ውስጥ የሚገባው አምፐርሳንድ የተባለው ምልክት ነው። ለሰው ዓይን ጠንካራ ፓስወርድ ነው፤ ለኤክስኤምኤል ግን ልዩ ትርጉም ያለው ምልክት ስለሆነ እንዳለ ከተጻፈ ንባቡን ይሰብረዋል። ኤክስኤምኤል-ሊንት የተባለችው ትንሽ መሣሪያ ስሕተቱ ያለበትን መስመር ቁጥር ትነግራችኋለች፤ ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ አስነብቧት።

ሌላው መንስኤ ፖርቱ በሌላ ፕሮግራም መያዙ ነው። ብዙ ጊዜ የያዘው ራሱ አይስካስት ነው፤ ቀድሞ በእጅ የተነሣ፣ ተረስቶ የቀረ። ኤስኤስ የተባለው ትእዛዝ በፖርት 8000 ላይ የሚያዳምጠው ማን እንደሆነ ያሳያል። በተጨማሪም ሊኑክስ እንደ ነባሪ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች ለተራ ተጠቃሚ አይፈቅድም፤ 80ን የጻፈ ሰው ለዚህ ነው የሚከለከለው። ሦስተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። አይስካስት በሩት፣ ማለትም በዋናው አስተዳዳሪ ስም መሮጥን አይወድም፤ የራሱ የሆነ ተራ ተጠቃሚ ይፈልጋል። ያ ተጠቃሚ የሎግ ማኅደሩ ውስጥ መጻፍ ካልተፈቀደለት ሎጉን መክፈት አቅቶት ይወድቃል። የሎግ ፋይሎቹ በሆነ ምክንያት የሩት ንብረት ሆነው ከቀሩም፣ ሰርቨሩ በትክክለኛው መንገድ ሲነሣ በዚያው ምክንያት ይወድቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዴቢያንና ኡቡንቱ የኮንፊግ ፋይሉን ኢቲሲ ሥር አይስካስት2 በተባለ ማኅደር ያኖሩታል፤ ፌዶራ ደግሞ በቀጥታ ኢቲሲ ሥር። ከሌላ ሥርዓት የመጣ መመሪያ ይዞ የተሳሳተውን ፋይል የሚያርም ሰው የፈለገውን ያህል ቢለፋ ምንም አይለወጥም። «ለወጥሁት፣ ግን አልተለወጠም» ካላችሁ፣ አገልግሎቱ ሲነሣ የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ መጀመሪያ አረጋግጡ። ቀጥሎም ከለውጡ በኋላ አገልግሎቱን እንደገና ማስነሣታችሁን።

ሁለተኛ፤ ሰርቨሩ ተነሥቶ የማይደረስበት ሲሆን። እዚህ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ተራመዱ። መጀመሪያ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ ከርል በተባለው ትእዛዝ የሁኔታ ገጹን ጠይቁ። ከመለሰ፣ አይስካስት ጤነኛ ነው። ቀጥሎ በዚያው ኔትወርክ ካለ ሌላ ኮምፒውተር፣ በመጨረሻ ከውጭ፣ ለምሳሌ ዋይፋዩ ከጠፋ ስልክ። መልሱ በተቋረጠበት እርምጃ ላይ መዝጊያው አለ። የእምቢታው ዓይነትም ይናገራል። ወዲያው «ግንኙነቱ ተከለከለ» የሚል መልስ ከመጣ፣ መልእክታችሁ ማሽኑ ዘንድ ደርሷል፤ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለፈ፣ መልእክቱን መንገድ ላይ የጣለው ፋየርዎል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው፣ ፌዶራ ላይ ፋየርዎልዲ ነው የሚጠየቀው። የተከራያችሁት ሰርቨር ከሆነ ደግሞ አከራዩ ከሊኑክሱ ውጭ የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱንም እዩ። ኤስኤስ የሚያሳየው አድራሻ 127.0.0.1 ከሆነ ሰርቨሩ የሚያዳምጠው ለራሱ ብቻ ነው፤ ኮንፊጉ ውስጥ ያለውን የማዳመጫ አድራሻ አስተካክሉ። ሰርቨሩ ቤት ውስጥ በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ከሆነ፣ የስልክ ኩባንያው አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያጋራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ራውተር ላይ ፖርት መክፈት ዋጋ የለውም፤ መፍትሔው ሰርቨሩን የራሱ የውጭ አድራሻ ወዳለው ቦታ ማዛወር ነው።

ሦስተኛ፤ ላኪው አልገናኝ ሲል። ሰርቨሩ በቁጥር ይመልሳል፤ ቁጥሩን አድምጡ። 401 የሚለው «ማንነትህን አላመንሁም» ነው። አይስካስት ለላኪ፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ለሚደረግ ቅብብልና ለአስተዳዳሪ የተለያየ ፓስወርድ እንዳለው አትርሱ። ለአንድ ማውንት ፖይንት የተለየ ፓስወርድ ከተጻፈ ደግሞ በዚያ ማውንት ላይ የሚሠራው የራሱ ነው፤ አጠቃላዩን እያስገቡ መከራከር ከንቱ ነው። 403 ሲመጣ ቃሉን አንብቡት፤ «ማውንት ፖይንቱ ተይዟል» ካለ የቀደመው ግንኙነት አልተለቀቀም። የስቱዲዮው መስመር ድንገት ሲቋረጥ ሰርቨሩ ወዲያው አያውቅም፤ በነባሪው ቅንብር 10 ሰከንድ ጠብቆ ነው ላኪውን የሚያሰናብተው። በዚያ መሐል ተመልሶ የሚመጣ ላኪ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። እዚህ ላይ መፍትሔው ጥቂት ጠብቆ እንደገና እንዲሞክር ላኪውን ማዘዝ ነው። ነባሪው ኮንፊግ ከ2 ላኪ በላይ እንደማይቀበልም እወቁ፤ ሦስተኛ ፕሮግራም ስትጨምሩ የላኪዎቹን ገደብ ከፍ አድርጉ።

እንደ በት ያሉ ላኪዎች የሰርቨሩን ዓይነት ይጠይቃሉ፦ ሻውትካስት ወይስ አይስካስት? ሁለቱ በተለያየ ሥርዓት ነው የሚነጋገሩት። ሻውትካስትን የመረጠ ሰው ፓስወርዱ ልክ ሆኖ ሳለ ይመለሳል። በአይስካስት በኩል የላኪው የተጠቃሚ ስም፣ ካልቀየራችሁት፣ «ሶርስ» ነው፤ የማውንት ፖይንቱም ስም በእዝባር ይጀምራል።

አራተኛ፤ ሁሉም ተገናኝቶ ዝምታ የሚሰማ ሲሆን። ይህ አታላይ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም መብራት አረንጓዴ ነው። አይስካስት ዝምታን ከዝማሬ አይለይም፤ ሁለቱም ለእርሱ ባይት ናቸው። ስለዚህ ወደ ስቱዲዮው ኮምፒውተር ሂዱና ላኪውን ትታችሁ፣ ኤሬኮርድ በተባለው ትእዛዝ አጭር ድምፅ ቅዱ፤ መልሳችሁ አጫውቱ። ካልተሰማ ጥፋቱ ከላኪውም በፊት ነው። አልሳሚክሰር የተባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ከፍታችሁ የመቅጃ መስመሩ እንዳልተዘጋ፣ የተመረጠውም ትክክለኛው ማይክሮፎን እንደሆነ እዩ። ዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቁጥሩ ሊለዋወጥ ይችላል፤ በኮንፊጋችሁ ላይ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጥሩት።

በእጃችሁ ስታስነሡት የሚሠራው ላኪ አገልግሎት ሆኖ ሲነሣ ዝም ካለ፣ የተጠቃሚ ጉዳይ ነው። ፓይፕዋየርና ፐልስኦዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ኮምፒውተሩ ላይ ለገባው ተጠቃሚ ነው። አገልግሎቱ በሌላ ተጠቃሚ ስም ከሮጠ ያንን ድምፅ አያየውም። ወይ አገልግሎቱን በዚያው ተጠቃሚ ስም አስሩት፣ ወይ አዲሱን ተጠቃሚ የድምፅ መሣሪያ በተፈቀደለት ቡድን ውስጥ አስገብታችሁ በቀጥታ በአልሳ በኩል እንዲያነብ አድርጉ። ድምፁ ተሰምቶ ሰዎቹ እንደ ሕፃን በቀጭን ድምፅ ተጣድፈው የሚናገሩ ከመሰላችሁ፣ ካርዱ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የለካውን ላኪው 48,000 ብሎ አንብቦታል። ልዩነቱ ወደ 9 በመቶ ነው፤ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ሁለቱን ቁጥር አንድ አድርጓቸው።

አምስተኛ፤ የሚቆራረጥ ሲሆን። አስቀድማችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሚቆራረጠው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ለአንድ ሰው? ለሁሉም ከሆነ ከስቱዲዮ እስከ ሰርቨር ያለው መስመር ነው። በስሕተት ሎጉ ላይ ላኪው በጊዜ ገደብ ምክንያት ተሰናበተ የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ቢትሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከውን የኪሎቢት መጠን፣ ቀንሱ፤ ስቱዲዮውን ከዋይፋይ ወደ ገመድ አዛውሩት። ለአንድ ሰው ከሆነ ሎጉ ያ አድማጭ «በጣም ወደ ኋላ ስለቀረ ተወገደ» ይላል። አይስካስት እንደ ነባሪ ለአንድ ስርጭት 524,288 ባይት ወረፋ ይይዛል፤ በ64 ኪሎቢት ከአንድ ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ድምፅ ነው። ከዚያ በላይ የዘገየ አድማጭ ይወጣል። ይህ የሰርቨሩ ክፋት አይደለም፤ የዘገየውን ሁሉ ቢጠብቅ የሰርቨሩ ሜሞሪ ይሞላል። ለደካማ መስመር የሚጠቅመው ሁለተኛ፣ ቀለል ያለ ስርጭት ከጎን መክፈት ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙ። በ128 ኪሎቢት አንድ ሰዓት ያዳመጠ ሰው 57.6 ሜጋባይት ይከፍላል፤ በ64 ከሆነ 28.8፤ በ32 ከሆነ 14.4። ዳታ በካርድ እየገዛ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ልዩነት የቤት ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መለኪያው የጸደቀው ኦፐስ ለንግግር በ32 ኪሎቢት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ለስብከትና ለዜና ከበቂ በላይ ነው። ለሰርቨሩ ደግሞ ቢትሬቱን በአድማጩ ብዛት አባዙ፦ 300 አድማጭ በ128 ኪሎቢት ሲሆን 38.4 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል። ነባሪው የአድማጭ ገደብ 100 መሆኑንም አስቡ። በተራው እሑድ የማይታወቅ ገደብ በገናና በፋሲካ ሌሊት ይታወቃል፤ መቶ አንደኛው ሰው በር ላይ ይመለሳል፣ ውስጥ ያሉት ግን «ይሰማል» ይላሉ። ስልክ የደወሉላችሁ ሰዎች የማይስማሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስድስተኛ፤ በቪኤልሲ ተሰምቶ በድረ ገጹ ላይ የማይሰማ ሲሆን። ድረ ገጻችሁ በኤችቲቲፒኤስ የተቆለፈ፣ ስርጭቱ ግን ተራ ኤችቲቲፒ ከሆነ፣ ብራውዘሩ ይከለክለዋል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ድምፅ በተቆለፈው መንገድ ሊያመጣው ይሞክራል፤ መንገዱ ከሌለ ይተወዋል። ለስርጭቱ ሰርቲፊኬት አስገቡ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል። ነባሪው ሰርቲፊኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ስለሆነ እድሳቱን በማሽን አስሩት፤ ሰርቨሩም አዲሱን እንዲያነብ አድርጉ። አንዳንድ የአይስካስት ጥቅሎች ይህን ችሎታ ሳይዙ የተዘጋጁ መሆናቸው ሎጉ ላይ ይታያል። ቅርጸቱንም አትርሱ። የቆዩ አይፎኖች ኦግ በተባለው መያዣ የሚሄዱትን ቮርቢስንና ኦፐስን አያጫውቱም፤ ኤምፒስሪ ግን ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ ይሰማል። ስለዚህ አንድ የኤምፒስሪ ስርጭት ምንጊዜም ይኑራችሁ፤ ኦፐሱ ከጎኑ ይቁም።

እኛን በተለይ የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ። የመዝሙሩን ወይም የፕሮግራሙን ርእስ በአማርኛ ትጽፋላችሁ፤ አድማጩ ዘንድ የተዘበራረቀ ምልክት ይደርሳል። ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። አይስካስት ግን ለኤምፒስሪ ስርጭት ርእሱ በላቲን ሰንጠረዥ የተጻፈ እንደሆነ ሊገምት ስለሚችል አንዱን ሆሄ ሦስት ባዕድ ምልክት አድርጎ ያነበዋል። በማውንት ፖይንቱ ቅንብር ውስጥ የፊደል ሰንጠረዡን ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉ፤ ላኪውም በዚያው እንዲልክ አድርጉ። በኦግ የሚሄዱት ቮርቢስና ኦፐስ ከመጀመሪያው በዩቲኤፍ-8 ስለሚጽፉ ይህ ችግር የለባቸውም። ለአማርኛ ስርጭት የአማርኛ ርእስ ተነባቢ መሆን አለበት፤ «አይቻልም» ተብሎ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ምክንያት የለም።

ክቡራትና ክቡራን፣ እስካሁን የተናገርሁት ብልሽት ከደረሰ በኋላ ስለሚደረገው ነው። ከዚያ በፊት የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከመመሪያው ጋር የሚመጣው የናሙና ፓስወርድ «ሃክሚ» የሚለው ነው፤ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሳትቀይሩት ሰርቨሩን ወደ ኢንተርኔት አታውጡ፤ ካልሆነ በጣቢያችሁ ስም ሌላ ሰው ይናገራል። ሥርዓታችሁን አድሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 2.4.4 የተባለው እትም በአድማጭ ማረጋገጫው ክፍል የተገኘ የደኅንነት ክፍተት ዘግቷል፤ ከዚያ ያነሰ እትም ያላችሁ ዛሬውኑ ቀይሩ። የመተኪያ ማውንት አብጁ፤ የስቱዲዮው መስመር ሲቋረጥ አድማጩ ወደ ተዘጋጀ ዝማሬ ይሻገራል፤ መመለሻውን ከፈቀዳችሁለት ስቱዲዮው ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። መተኪያው ግን ከዋናው ጋር በቅርጸት አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የአድማጩ ማጫወቻ ይቆማል። የአስተናጋጁን ስም «ሎካልሆስት» ብላችሁ አትተዉት፤ ሎጉ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል፣ በስርጭት ማውጫዎች ላይም የተሳሳተ አድራሻ ያስመዘግብባችኋል።

ከሁሉ በላይ ግን ልማድ ነው። ኮንፊጉን ከመንካታችሁ በፊት ቅጂውን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። አንድ ነገር ለውጡ፣ ፈትኑ፣ ውጤቱን ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። ካልረዳ ወደነበረበት መልሱት። ሎጉን ብልሽት ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ጤነኛ በሆነበት ቀን አንብቡት፤ ጤነኛውን ቃሉን የማያውቅ ሰው የታመመውን መለየት አይችልም።

ወደ መጨረሻዬ ልምጣ። በየማኅበራችን ያለው ትልቁ ብልሽት ኮንፊጉ ውስጥ የለም፤ ዕውቀቱ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ መቅረቱ ነው። ያ ሰው ሲታመም፣ አገር ሲቀይር ወይም ሲሰለቸው ጣቢያው አብሮት ይዘጋል። ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ስርጭት በሌለበት ቀን ሁለት ወጣቶችን ጥሩ። የላኪውን ገመድ ንቀሉ፤ ፓስወርዱን አሳስቱ፤ ፋየርዎሉን ዝጉ፤ እያንዳንዱን በተራው። በያንዳንዱ ጊዜ ሎጉ የሚለውን እነርሱ ያንብቡ፣ ወሰኑን እነርሱ ያግኙ፣ ጥገናውንም በአንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፉት። ያ ገጽ ከስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ ሌሊት የሚደወለው ስልክ ለአንድ ሰው ብቻ አይሆንም፤ የሚሰጠውም መልስ «ልሞክር» ሳይሆን «እዚህ ላይ ነው የቀረው» የሚል ይሆናል።